የምራት ሀዲይኛ

ከሥራ መሻሬን የነገረኝ ሰው የለም። አንድ ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ የቀለም ቀንዴንና የመቃ ብዕሬን ይዤ ወደ ዳኛው ግቢ ብሄድ፣ አጎዛዬ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ተቀምጦ ብዕር ይቀርጻል። አጎዛው የራሴ ነው፤ ከቤቴ ያመጣሁት። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና፣ አቤቱታ ካለኝ ከአጥሩ ውጭ ተራ እንድይዝ በትሕትና ነገረኝ። ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ወጥቼ ተራ ያዝኩ።

ከፊቴ ሰባት ባለጉዳዮች ነበሩ። አብዛኞቹ ያውቁኛል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አቤቱታቸውን ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። መካከላቸው ስቆም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በሰባራ አማርኛ ማን እንደከሰሰኝ ጠየቁኝ። ገና አላወቅሁም አልኳቸው። ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቅንቀው ተራቸውን ለቀቁልኝ። በዚያ ቀን የገጠመኝ ደግ ነገር ያ ብቻ ነው።

ተራዬ ሲደርስ ነገሩ ተብራራ። የድሮው ዳኛችን ወደ ሌላ አገር ተሹመው ሲሄዱ አስተርጓሚያቸውን፣ ሁለቱን በቅሎዎቻቸውንና የጓሮ ጎመን ዘራቸውን ሳይቀር ይዘው ሄደዋል። እኔን ረስተውኛል። በእሳቸው ቦታ የተሾሙት ፊታውራሪ ደግሞ ከነጸሐፊያቸው፣ ከነአስተርጓሚያቸው፣ ከነወጥ ቤታቸው ነው የመጡት። ለእኔ የተረፈ ቦታ አልነበረም። ፊታውራሪ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አጎዛዬ እንዲመለስልኝ አዘዙ። እሱን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ዋቸሞን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቆዳ የተሸከመ ሰው ቆዳ ነጋዴ ይመስላል መሰለኝ፣ በመንገድ ላይ ሦስት ሰዎች ዋጋ ጠየቁኝ።

ሆሳዕናን ያኔ ሰው ሁሉ ዋቸሞ ነበር የሚላት። ከፍ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከሥሩ ከሰሜን የመጣን ሰዎች ቤቶች፣ ከእኛ ወዲያ ዓይን እስከሚደርስ እንሰት። እኔ ከቡልጋ አጎቴን ተከትዬ ስመጣ ዳዊት የደገምኩ፣ ቅኔ ጀምሬ ያልጨረስኩ፣ የእጅ ጽሕፈቴ ግን ያየ ሁሉ የሚያደንቀው ጎረምሳ ነበርኩ። የጎዳኝም ይኸው ጽሕፈት ነው፤ እሱን ተማምኜ ሌላ ምንም ሳልማር ሠላሳ አራት ዓመት ሞላኝ። ስድስት ዓመት ችሎት ተቀምጬ ሀዲይኛ ስሰማ ስውል አንዲት ቃል አልያዝኩም። ምን ያደርግልኛል? አስተርጓሚው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ባለጉዳዩ ሲጮህ፣ ሲለምን፣ እጁን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ እኔ ብዕሬን እቀርጽ ነበር። ጉዳዩ ለእኔ የሚጀምረው አማርኛ ከሆነ በኋላ ነው።

ባለቤቴ የሺመቤት ስትደሰት "አንተ" ትለኛለች፤ ስትቆጣ አክብሮቷ ይጨምርና "እርስዎ" ይሆናል። ያን ቀን ገና በሩን ሳልፍ፣

"ምነው፣ ዛሬ ከነአጎዛዎ መጡ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ወደ ጎተራው ሄደች። ለሥራዬ ተብሎ ከባላገሩ ወደ ቤታችን ይመጣ የነበረው እህልና ማር ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወደ ቀጭኑ ሰው ቤት አቅጣጫውን እንደሚያዞር ከእኔ ቀድማ ገብቷታል። ጎተራውን በክንዷ ለክታ ተመለሰችና፣ ያለን እህል እስከ ፋሲካ እንደሚያደርሰን፣ እስከዚያ ሥራ ካልተገኘ እሷ ቡልጋ አባቷ ቤት እንደምትገባ፣ እኔ ግን ከፈለግሁ አጎዛዬ ላይ ተቀምጬ መቅረት እንደምችል በእርጋታ አስረዳችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሥራ ያጣ ሰው በምክር አይራብም። አጎቴ ቅኔውን እንድጨርስ መከረኝ። ጎረቤታችን አዲስ አበባ ሄጄ ዕድሌን እንድሞክር መከረኝ። የጎረቤታችን ሚስት ጠበል ግባ አለችኝ። እኔ የመረጥኩት ሁሉም የሚያውቀውን መንገድ ነው፤ የፊታውራሪን ደጅ መጥናት። በየማለዳው ነጠላዬን አጣፍቼ በራቸው ላይ እቆማለሁ። ሲወጡ እጅ እነሳለሁ። ችግሩ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ቶሎ ቀና ማለት ያለማክበር እየመሰለኝ መቆየቴ ነው። ቀና ስል ፊታውራሪ አልፈው ሄደው፣ ከፊቴ የማገኛት ወጥ ቤቷን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ፊታውራሪ ፊቴን አላዩትም፤ ወጥ ቤቷ ግን እንዲህ የሚያከብራት ሰው በሕይወቷ አይታ እንደማታውቅ ለሰው ነግራለች አሉ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ላምቤቦ ደጄ መጣ።

ላምቤቦ ከከተማው ጥግ፣ ወንዟን እንደተሻገሩ ያለ ገበሬ ነው። ስድስቱን ዓመት ሙሉ ለእኔ የታዘዘውን እህል ተሸክሞ ደጄ ሲያደርስ ከኖሩት አንዱ ነበር። አማርኛ ይችላል፤ ግን ለእሱ ሰው ሁሉ "አንተ" ነው። ጳጳስም ቢያገኝ አንተ ነው የሚለው። ሥራ ላይ ሳለሁ ይህ ነገሩ ያናድደኝ ነበር። ያን ቀን በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አምጥቶ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠ። ተሳስቶ የመጣ መሰለኝ። ጸሐፊው አሁን ሌላ ሰው እንደሆነ፣ የታዘዘውን ወደዚያ መውሰድ እንዳለበት አስረዳሁት።

"ያንን ለእሱ ሰጠሁ" አለ። "ይሄ የእኔ ነው።"

ዙሪያዬን ተመለከተና፣ እጅና እግር ያለው ሰው ቀን በቀን ለምን ቤት እንደሚውል ጠየቀኝ፤ በማግስቱ እርሻው ላይ እንድመጣም ነገረኝ።

ሄድኩ። መጀመሪያ እርፍ አስያዘኝ። እንዲህ የተከበሩ በሬዎች ፊት ቆሜ አላውቅም፤ እኔ ወደፈለግሁበት ሳይሆን እነሱ ወደፈለጉበት አብረን ሄድን። ከማሳው ጫፍ ስንመለስ ላምቤቦ ትልሜን ቆሞ አየው። ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ አንድ ቦታ ላይ ራሱን ይቆርጣል።

"ይሄ ምን ይላል ሲነበብ?" አለኝ።

ከእርፉ በክብር አሰናበተኝ። በዓመቱ ውስጥ ሁለተኛ መሻሬ ነው።

በማግስቱ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ አየሁ። ሥራው ከባድ ነው። ሥራ ፈት ቆሞ ከማየት ብዬ ነጠላዬን አውልቄ፣ ሳንቃው ላይ ተደግፎ የቆመ መፋቂያ አነሳሁና አንዷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም። ጩኸት ነበር፣ ሳቅ ነበር፣ የእንሰት ግንድ ልጣጭም በጀርባዬ ላይ አርፏል። ለካስ እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ሊይዘው ይቅርና በሚፋቅበት ቦታ ማለፍም አያምርበትም። የላምቤቦ አባት፣ በዕድሜ ብዛት ከበራቸው የማይርቁ ረጅም ሽማግሌ፣ በትራቸውን ተደግፈው ስሮጥ አዩኝ። ዕድሜያቸውን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አይተው እንደማያውቁ፣ አሁን ቢሞቱም እንደማይቆጫቸው መናገራቸውን ላምቤቦ ኋላ ተረጎመልኝ።

የበረታሁበት ነገር ቅቤ ነው። የላምቤቦ ሚስት፣ ሁሉ ሰው በልጇ ስም የኤርሳዶ እናት የሚላት፣ ቅቤዋ የታወቀ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን እግሯ ወለም ብሏት ገበያ መውጣት አቃታት። እኔ ልሂድ አልኩ። የፎንቆ ገበያ ይቀርብ ነበር፤ ዋቸሞም ገበያ አለ። ነገር ግን በሁለቱም የሚያውቀኝ ሰው ሞልቷል፤ ጸሐፊው ቅቤ ሲሸጥ ታየ እንዲባል አልፈለግሁም። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ በእግር ከሚያስኬደው፣ ከከምባታ ምድር ከዳምቦያ ገበያ በታች አላማረኝም። ኩራት ምን ያህል መንገድ እንደሚያስኬድ ያን ጊዜ አወቅሁ።

የመጀመሪያው ገበያ ውሎዬ እንዲህ ነበር። ገዥ ሲመጣ ቅቤውን በጣቱ ጫፍ ነክቶ ይቀምሳል። ደንቡ ነው። እኔ ደግሞ ሰውን መከልከል አልችልም። አንዷ ቀመሰች፣ እህቷን ጠራች፣ እህቷ ቀመሰች፣ አማቷን ጠራች። አንድ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ቀመሰ፤ ሦስተኛውን ጊዜ ቂጣ ይዞ ነው የመጣው። ከቀትር በኋላ ኮባውን ስገልጥ የቀረኝ ቅቤ ሳይሆን የጣት ዱካ ነው። ባዶዬን ተመልሼ በላምቤቦ አፍ ለኤርሳዶ እናት ስነግራት አልተቆጣችም። ግን አፍ የሌለው ሰው ገበያ መላክ የእሷ ጥፋት መሆኑን አመነችና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀዲይኛ ታስተምረኝ ጀመር።

ላምቤቦ ሊያስተምረኝ ይችል ነበር፤ ግን ቀኑን ከበሬዎቹ ጋር ነው የሚውለው፤ ማታም ቃል አይወጣውም። እሷ እግሯን ዘርግታ ቅቤ እየናጠች ታወራለች። እኔም ከፊቷ ተቀምጬ ቃሉን እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። አንድ ነገር በእጇ ታሳየኛለች፣ ስሙን ትነግረኛለች፣ ትርጉሙን ማታ ላምቤቦን እጠይቃለሁ። በጣም ነው የገረመኝ። ላም "ልጆች የምታሳድገዋ" ትባላለች። ቤት "ጭስ የሚወጣበት" ነው። ገበያ "ሰው የሚጋፋበት"። ቅኔ ጀምሬ ያልጨረስኩ ሰው ነኝና ልቤ ተነካ። እንዴት ያለ ባለቅኔ ሕዝብ መካከል ስድስት ዓመት ደንቁሬ ኖርኩ አልኩ። ለአጎቴም፣ ሀዲያ አንድን ነገር በቀጥታ ስሙ የማይጠራ፣ ሁሉን በምስጢር የሚናገር ሕዝብ መሆኑን ነገርኩት። አጎቴ በጣም ተደንቆ ለቄሱ ነገራቸው።

ቃሉን ብቻ አልነበረም የያዝኩት። የኤርሳዶ እናት ስትናገር ዓይኗን መሬት ላይ ትጥላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ አንዳንድ ቃል ላይ ስትደርስ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ከለል ታደርጋለች። እኔ የሰዋስው አካል መሰለኝ። አብሬ ተማርኩት።

ላምቤቦን ትርጉም ስጠይቀው ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ዳምቦያ ላይ ደግሞ ሰው ከምባትኛ እንጂ ሀዲይኛ አይናገርም፤ ቋንቋው ዘመድ ስለሆነ ይግባባሉ። ስናገር ሴቶቹ ፈገግ ይላሉ፤ የአነጋገሬ ለዛ ነው እላለሁ። ፈገግ ያለ ሰው ደግሞ ይገዛል። በሦስተኛው ገበያ ቅቤውን ጨርሼ የድርሻዬን ጤፍ ይዤ ቤቴ ስገባ፣ የሺመቤት ጤፉን በእፍኟ አንስታ አየችና "አንተ፣ ደክሞሃል፤ ተቀመጥ" አለችኝ። ከአጎዛው ቀን ወዲህ የመጀመሪያው "አንተ" ነበር። የቡልጋው ነገር ግን አልተነሣም፤ ቅቤው የኤርሳዶ እናት እንደሆነ፣ እግሯ እንደዳነ እኔ ዳግም ሥራ ፈት እንደምሆን ሁለታችንም እናውቃለን። እግሯም በየቀኑ እየዳነ ነበር። ይህን ስል አፍራለሁ፤ ቶሎ ባይድን ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ።

ከሆሳዕና በዓል በፊት ባለው ሳምንት የላምቤቦ ላም ፎንቆ ገበያ ላይ ጠፋች። ያለችው ላም እሷ ነች፤ ቅቤው ሁሉ የሚወጣው ከእሷ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ፈለጋት። በስድስተኛው ቀን ፎንቆ አጠገብ በአንድ ሰው በረት ውስጥ አገኛት። ሰውዬው ላሚቱ ከእኔው በረት የተወለደች ናት ብሎ ድርቅ አለ። ጉዳዩ ፊታውራሪ ዘንድ ቀረበ። ላምቤቦ ብቻውን እንዳይሆን አብሬው ሄድኩ። አባቱም በበቅሎ ተጭነው መጡ።

ችሎቱ በዝግባ ዛፍ ሥር ነው። ቀጭኑ ጸሐፊ በራሱ አጎዛ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የፊታውራሪ አስተርጓሚ ቆሟል። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ፊታውራሪ ቀድሞ ባስተዳደሩበት አገር ኦሮምኛ በማስተርጎም የተመሰገነ ሰው ነው። ሀዲይኛን ግን ልክ እኔ ጸሐፊ ሳለሁ እንደማውቀው ነው የሚያውቀው። ፊታውራሪ የአገሩ ቋንቋ ሁሉ አንድ መስሏቸው ይዘውት መጡ፤ እሱም አልችልም ካለ ሥራውን የሚያጣ መሰለውና ዝም አለ። ሦስት ወር ሙሉ ከሰው ፊት እየገመተ ሲያስተረጉም ኖሯል። ብዙ ጊዜ ይገጥምለት ነበር ይባላል።

ላምቤቦ ረጅም ነገር ተናገረ። የላሚቱን የጆሮ ምልክት፣ የጠፋችበትን ቀን፣ የፈለገበትን መንገድ ሁሉ ዘረዘረ። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ተሰበረ። አስተርጓሚው ያንን የተሰበረ ድምፅ ሰማና፣

"ላሚቱን ሸጬለት ነበር፤ አሁን ተጸጸትኩ ይላል" አለ።

ቀጭኑ ሰው ጻፈ። ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተሸጠ ነገር ተሸጠ ብለው ሊፈርዱ ነው። ላምቤቦ አማርኛ ይሰማ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይሰማል፤ ግን ችሎት ላይ ሁለት እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ ሳይጠየቅ አፉን መክፈት እንደማይፈቀድለት ስድስት ዓመት ተምሯል። ማን እንዳስተማረው አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ "ዝም በል፣ አስተርጓሚው ይንገረን" ብዬ የቆጣሁት እኔ ነኝ። ላምቤቦ ዞር ብሎ አየኝ።

የፊታውራሪን ሰው በአደባባይ ሐሰተኛ ማድረግ፣ ሦስት ሳምንት የጠናሁትን ደጅ በራሴ ላይ መዝጋት ነው። ፋሲካ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። የሺመቤት ዕቃዋን ማሰናዳት ጀምራለች። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ አስቤ ሳልጨርስ ግን ወደ ፊት ወጥቼ ነበር።

"ጌታዬ፣ ይህ ሰው ሸጥኩ አላለም" አልኩ። "ጠፋችብኝ ነው ያለው።"

ፊታውራሪ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ፤ ፊቴን ሲያዩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ማን እንደሆንኩ ጠየቁ። ነገርኳቸው። ሀዲይኛ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ በልቤ ከነቅኔው ነው የምችለው እያልኩ፣ በአፌ ጥቂት እሞክራለሁ አልኩ። ለላምቤቦ ቃሉን እንዲደግም አዘዙ፤ ደገመ፤ ተረጎምኩ። የጆሮውን ምልክት፣ ቀኑን፣ መንገዱን፣ ሁሉን፤ ላሚቱን የጠራበት አጭር ቃል አዲስ ቢሆንብኝም ከነገሩ ገባኝ። አስተርጓሚው መሬት መሬት ያይ ነበር። አዘንኩለት።

ከዚያ ፊታውራሪ ወደ ተከሳሹ ዞሩና፣ ላሚቱ ከቤትህ ተወለደች ወይስ ከገበያ አመጣሃት ብለህ ጠይቀው አሉኝ። እስከዚያ ድረስ ከሀዲይኛ ወደ አማርኛ ነበር። አሁን መናገር የኔ ተራ ሆነ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። በተማርኩት መሠረት የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ልጆች የምታሳድገዋ ጭስ ከሚወጣበት ተወለደች ወይስ ሰው ከሚጋፋበት አመጣሃት ብዬ ጠየቅሁት።

ከኋላ አንዲት ሴት ልትገታው ያልቻለችው ድምፅ አመለጣት። ከዚያ ችሎቱ ሁሉ ፈረሰ። ሰው በሰው ላይ ተደገፈ። ዛፉን አቅፎ የሳቀ ሰው አይቻለሁ። ላምቤቦ፣ ላሙ የጠፋችበት ሰው፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፋል። ተከሳሹ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ሳቁ ሳይበርድለትም፣ እንደ ቀልድ በዚያው በእኔ አነጋገር መለሰልኝ።

"ምራቴ፣ ልጆች የምታሳድገዋ ሰው ከሚጋፋበት ራሷ ተከትላኝ መጣች" አለ።

ተረጎምኩት። ከገበያ ተከትላኝ መጣች ይላል አልኩ። ሳቁ እንደ ውሃ መጠጥ አለ። ተከሳሹ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እስከዚያ ድረስ ከበረቴ ተወለደች ሲል የኖረ ሰው ነው። ቀጭኑ ጸሐፊ ብዕሩን ነከረና ጻፈው። ፊታውራሪ ላሚቱ ለላምቤቦ ትመለስ ብለው ፈረዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረልኝ። ፊታውራሪ ግን ሕዝቡ ምን እንዳሳቀው ማወቅ ፈለጉ። የላምቤቦ አባት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና በሀዲይኛ ረጋ ብለው አስረዱ። ማስተርጎም የእኔ ሥራ ነበርና፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ለፊታውራሪ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦

"በአገራችን ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም ይላሉ። በስማቸው መጀመሪያ ድምፅ የሚጀምር ቃልም አትጠራም፤ በምትኩ ዘወርዋራ ቃል ትናገራለች ይላሉ። እኔ የከሳሹ አባት ነኝ፣ የልጄ ሚስት በእኔና በሚስቴ ስም ምክንያት ላምንና ቤትን፣ በሌላው ዘመዳችን ስም ደግሞ ገበያን በቀጥታ አትጠራም ይላሉ። ይህ... ይህ ሰው ከእሷ ነው የተማረው ይላሉ። እንደ ልጄ ሚስት ነው የሚናገረው ይላሉ። ዓይኑን ሲሰብር ደግሞ ከእሷ ይበልጣል ይላሉ።"

ሽማግሌው ተቀመጡ። እኔ መቀመጫ አልነበረኝም። ፊታውራሪ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጢማቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በኋላ፣ ሲጠየቅ የራሱን ውርደት እንኳ ሳያጎድል የሚተረጉም ሰው የሌላውንም አያጎድልም አሉና፣ ከፋሲካ በኋላ በአስተርጓሚነት እንድገባ አዘዙ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ እስከዚያ ከወንድ ተማር አሉ። የቀድሞው አስተርጓሚም አልተባረረም፤ ኦሮምኛ የሚናገሩ ነጋዴዎች ብዙ ስለሆኑ ያ ሥራ ለእሱ ሆነ። ሲያልፍ እጄን ያዘና፣ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰደው፣ ዛሬ ግን እንደሚተኛ በጆሮዬ ነገረኝ።

ቤቴ ገብቼ ለየሺመቤት ስነግራት፣ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ዕቃዋ ተፈትቶ ወደ ቦታው ተመልሷል። ስለ ቡልጋ አንዳችን ሌላችንን አልጠየቅንም።

እኔ ግን ያን ምሽት እንደእሷ አልሳቅሁም። ስድስት ዓመት የጻፍኳቸውን ወረቀቶች አሰብኩ። በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ፣ ነጥቡና ጭረቱ አንድም ሳይጎድል፣ አስተርጓሚው ያለኝን ሁሉ አስፍሬያለሁ። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ "ጠፋብኝ" ያለ ሰው "ሸጥኩ" ተብሎ ተጽፎበት ይሆን? መጠየቅ የምችልበት ጊዜ አልፏል። የማውቀው፣ ከዚያ ወዲህ ባለጉዳይ ሲናገር ዓይን ዓይኑን እንደማየው ነው።

በማግስቱ ማለዳ የወንድ ሀዲይኛ ልማር ላምቤቦ ቤት ሄድኩ። ላምቤቦ ላሙን ይዞ ወደ ግጦሽ ወጥቷል። አባቱ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መጀመሪያ ላም በወንድ አፍ ምን እንደሚባል ነገሩኝ። ችሎት ላይ የሰማኋት ያችው አጭር ቃል ነች። ቅኔ የለ፣ ምስጢር የለ። ትንሽ ከፋኝ። ከዚያ ትምህርቱን በደንብ እንድንጀምር ስማቸውን እንድጠራ አዘዙኝ።

"ጥራው" አሉ። "አንተ ምራቴ አይደለህም።"

ስማቸውን አውቀዋለሁ፤ ችሎት ላይ ሲጠራ ሰምቻለሁ። አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ራሱን ችሎ ወደ መሬት ወረደ፤ እጄም ነጠላውን ፍለጋ ሄደ። እንደገና ሞከርኩ፤ ስሙ አልወጣም። ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ መቱና፣ ከጓዳ ወደምትሰማን የኤርሳዶ እናት ዞረው፣ ያበላሸሽው ተማሪ አንቺ ነሽ፣ አንቺው ስሜን ንገሪው አሏት።

ከጓዳ የቅቤ መናጫው ድምፅ ቆመ። እሷም ምራት ናትና የአማቷን ስም ልትጠራ አትችልም። ላምቤቦ ከግጦሽ እስኪመለስ ድረስ እኛ ሁለታችን በፀሐዩ፣ እሷ በጓዳዋ ሆነን ጠበቅነው፤ የዚያን ቀን ትምህርት ከዚህ አላለፈም።